«ብቸኛ ነኝ» ያላሉን ሰዎች

ሰሞኑን በከተማችን በደሴ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጽሑፉ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት በየዕድሜ ክልሉ ያለው ሰው ምን ያህል ብቸኝነት እንደተሰማውና የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ እንደነበረው የሚያትት ነው። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ብቸኝነት የፈረንጅ ሕመም ነው፣ ወደ እኛም የገባው በስልክ ነው፤ አረጋውያኖቻችንን ቡናውና ቅሬው ስለጠበቃቸው በወረርሽኙም ጊዜ አልነካቸውም፤ ወጣቶቹ ግን ረጅም ሰዓት ስልክ ላይ ስለሚያሳልፉ ለብቸኝነት ተዳረጉ፤ ጎልማሳው በሥራው ተጠምዶ ስለነበር ችግሩ አልደረሰበትም፤ ለአረጋውያን ማኅበራዊ ሚዲያ ያመጣላቸው ነገር ቢኖር ወሬና ፍርሃት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች እጅ ስልክ ይውጣ፣ ያኔ ብቸኝነቱም አብሮ ይወጣል።

እኔ በዚሁ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ ከወረርሽኙ በፊት ጀምሮም በሰፈሬ የቅሬ ጸሐፊ ሆኜ አገለግላለሁ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው መሆኑን ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልገኝም፤ ከሌላ ቦታ ሆኖ ለሚያነብ ብዬ ነው። በአንዱ ሥራዬ ከወጣቶቹ፣ በሌላው ከአረጋውያኑ ጋር ስለምውል፣ ጸሐፊው በሁለቱ መካከል ያሰመሩት መስመር እኔ ካየሁት ጋር ፈጽሞ ሊገጥምልኝ አልቻለም። የጻፉት ለልጆቻችን አስበው እንደሆነ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ያስታውቃል፤ እኔም ይህን ምላሽ የምጽፈው ልጆቹም ሆኑ አረጋውያኑ ስለሚያሳስቡኝ ነው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሣ። ጸሐፊው ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ያገኟቸውን አረጋውያን «በኮሮና ጊዜ ብቸኝነት ተሰምቶዎት ነበር ወይ?» ብለው ጠይቀው አንድም ሰው «አዎ» እንዳላላቸው ይገልጻሉ፤ ከዚያም ብቸኝነት የእኛ ሕመም እንዳልሆነ ይደመድማሉ። አረጋውያኑ እንደዚያ መመለሳቸውን አምናለሁ፤ ስሕተቱ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። በእኛ አነጋገር ብቸኛ ማለት ወገን የሌለው፣ ቢታመም ውሃ የሚያቀብለው፣ ቢሞት አፈር የሚያለብሰው ያጣ ሰው ማለት ነው። ስድስት ልጅ ወልደው ያሳደጉ እናት «ብቸኝነት ይሰማዎታል?» ተብለው ሲጠየቁ «ወገን የለዎትም ወይ?» የተባሉ ያህል ስለሚሰማቸው «ኧረ አላህ ይጠብቀኝ፣ ልጆቼ ይኑሩልኝ» ይላሉ፤ ክርስቲያኗም «እመቤቴ ትጠብቀኝ» ብለው ያማትባሉ። እኚሁ እናት ግን «ሆድ ይብስዎት ነበር?» ቢባሉ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ። «ጭር አለብኝ»፣ «ቤቱ ጠበበኝ»፣ «ሰው ናፈቀኝ»፣ «ባይተዋር ሆንኩ»፣ «ሆዴ ባሰኝ» የሚሉት ቃላት ሁሉ የዚያው ስሜት መጠሪያዎች ናቸው፤ እኔ በ2012 ዓ.ም. ክረምት እነዚህን ቃላት ያልሰማሁበት ቀን አልነበረም።

ጉዳዩን በሙያቸው የሚያጠኑ ሰዎችም ይህን ችግር ያውቁታል። በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው የብቸኝነት መለኪያዎች አንዱ የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መለኪያ ነው። የዚህ መለኪያ አጭር ቅጂ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ከሦስቱ አንዱም «ብቸኝነት» የሚለውን ቃል አያነሣም። የሚጠይቁት አብሮ የሚሆን ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደሚጎድል፣ የመረሳት ስሜት ምን ያህል ጊዜ እንደሚመጣና ከሌሎች ተነጥሎ የመቅረት ስሜት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያድር ነው። ሰው በቀጥታ ሲጠየቅ ስለሚያፍር ወይም ስለሚሸሽግ ጥያቄውን በዙሪያው ማስኬድ ይሻላል። ከዚህም በላይ ብቸኝነት ሰው አጠገብ ካለመኖር ጋር አንድ አይደለም። ሌቲሺያ ፔፕላውና ዳንኤል ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1981 ባስቀመጡት ትርጉም መሠረት፣ ብቸኝነት ሰው በሚመኘው ዝምድናና ባለው ዝምድና መካከል ያለው ክፍተት ነው። ቤቱ በልጅ ልጅ የተሞላ ሽማግሌ እኩያውን ካጣ ክፍተቱ አለ፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት ደግሞ በሚበቃት ያህል የምትጠያየቀው ሰው ካላት ክፍተቱ የለም።

የፈረንጅ ሕመም ነው ለሚለው አባባል ደግሞ አኃዙ ራሱ መልስ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የማኅበራዊ ትስስር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ ብቸኝነት እንደሚሰማው ገልጿል፤ ድርሻው ገቢያቸው ከፍተኛ በሆኑ አገሮች 11 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ እንደ እኛ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑት ግን 24 በመቶ ገደማ ነው። እጥፍ መሆኑን ልብ ይሏል። ይህን ሳነብ አላኮራኝም፣ አላስደነቀኝምም፤ ድህነት፣ ስደት፣ መፈናቀልና ሐዘን የሚበዛበት አገር ሰው ከሰው የሚለያይበት አገር ነውና።

ባህላችን ጠበቃቸው ወደሚለው ልለፍ፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ስለ ቡናና ስለ ቅሬ የጻፉት ነገር በሰላሙ ጊዜ እውነት ነው። በእኛ ሰፈር አቦል ሳይፈላ አንዱ ቤት ለሌላው ይጠራራል፤ ዱበርቲዎቹ፣ ማለትም ዱአ የሚያደርጉት እናቶች፣ እስከ በረካው ተቀምጠው ዱአ ሳያደርጉ አይነሡም፤ ክርስቲያን ጎረቤትም ስኒው ተቆጥሮለታል። ነገር ግን ጸሐፊው የዘነጉት ትልቅ ነገር አለ፦ ይህ ባህል በአካል መገናኘትን የሚጠይቅ ባህል ነው፤ ወረርሽኙም የመጣው በትክክል በዚያ በኩል ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብም ተከለከለ። ፋሲካ በሚያዝያ 11፣ ረመዳን ደግሞ በሚያዝያ 16 ገባ። በዓልን ሳይጠራሩ ማሳለፍ በማይታወቅበት ከተማ፣ በዚያ ዓመት ከክርስቲያኑ ቤት ወደ እስላሙ ቤት፣ ከእስላሙም ወደ ክርስቲያኑ የሚሻገር ትሪ አላየሁም። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ለምእመናን መሰብሰቢያ ሲጠብ፣ አገር አቀፉ ጸሎት ለአንድ ወር በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ ብዙ ሽማግሌዎች ከቴሌቪዥን ፊት ቆመው «አሜን» ሲሉ ሰምቻለሁ።

በግንቦት ወር ከቅሬያችን አባላት መካከል አንድ አባት ዐረፉ፤ የሞቱት በቆየ የስኳር ሕመም ነው። ድንኳን አልተጣለም። አግዳሚዎቹ ከቅሬው መጋዘን አልወጡም። መዝገቡን ይዤ ከመቶ በላይ አባላትን አንድ በአንድ በስልክ የማርዳት ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። በዚያ ወቅት ስልክ ሲደወል ከጥሪው ድምፅ ፈንታ ስለ ኮሮና ጥንቃቄ የሚያስገነዝበው መልእክት ይሰማ ነበርና፣ ለእያንዳንዱ ቤት የሞት መርዶ ከመንገሬ በፊት እጅ መታጠብን የሚመክረውን ድምፅ እስከሚያበቃ መስማት ነበረብኝ። ከደወልኩላቸው መካከል የሟቹ የልጅነት ጓደኛ፣ ሸዋ በር አካባቢ የሚኖሩ አዛውንት ነበሩ። ዝም አሉ፤ ቆይተው «ታዲያ የት ሄጄ ላልቅስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጸሐፊው ሊያነጋግሯቸው ከቻሉት አረጋውያን መካከል እኚህ አዛውንት ቢኖሩ «ብቸኛ ነኝ» አይሏቸውም ነበር፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው እዚያው ግቢ ውስጥ አሉና። የጎደላቸው ነገር ግን በቤተሰብ የሚሞላ አልነበረም። ሮበርት ዋይስ የተባለ የሶሺዮሎጂ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1973 የቅርብ ሰው ከማጣት የሚመጣውን ብቸኝነትና አብሮ የሚቆም ማኅበር ከማጣት የሚመጣውን ብቸኝነት ለይቶ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይተካ ጽፎ ነበር። ቅሬ የሁለተኛው መድኃኒት ነው፤ በዚያ ወቅት ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ተቆልፎበት ነበር።

ስለ ወጣቶቹ የተጻፈው ነጥብ ከፊሉ ትክክል ነው፤ ትክክል የሆነውን አስቀድሜ እቀበላለሁ። ወጣቶች ከሽማግሌዎች ይልቅ ብቸኝነት እንደሚሰማቸው መናገራቸው በብዙ ጥናት ታይቷል። ነገር ግን ይህ በወረርሽኙ የተፈጠረ ነገር አይደለም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ማለትም ኮሮና ከመምጣቱ በፊት፣ ወደ 55 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናቱ፣ ከ16 እስከ 24 ዓመት ካሉት መካከል 40 በመቶው፣ ከ75 ዓመት በላይ ካሉት ደግሞ 27 በመቶው ብዙ ጊዜ ብቸኝነት እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። በአሜሪካ ማርቲና ሉኬቲና ባልደረቦቿ ወረርሽኙ ሲገባ 1,545 ሰዎችን ከጥር እስከ ሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ሦስት ጊዜ እየጠየቁ ተከታትለው ነበር፤ በአማካይ ሲታይ ብቸኝነቱ ጎላ ብሎ አልጨመረም። በጥቂቱ ከፍ ያለው፣ እሱም በመጀመሪያው የጭንቀት ሰሞን፣ በአረጋውያኑ ላይ ነበር። ይህ ጸሐፊው ካስቀመጡት ተቃራኒ ነው፦ አረጋውያኑ ከወጣቱ ያነሰ ብቸኝነት ይዘው ገቡ፣ ወረርሽኙ ግን ነካቸው። የአሜሪካ ሁኔታ የደሴን እንደማይወክል አውቃለሁ። የጠቀስኩት ጸሐፊው ራሳቸው «የውጭ ጥናቶች አረጋግጠዋል» ስላሉ፣ የውጭ ጥናቶች የሚሉት ይህንም እንደሚጨምር ለማሳየት ነው።

ብዙ ሰዓት ስልክ ላይ የዋለ ብዙ ብቸኝነት ይሰማዋል፣ ስለዚህ ምክንያቱ ስልኩ ነው የሚለው አመክንዮ ግን ሊታለፍ አይገባም። ብሪያን ፕሪማክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ19 እስከ 32 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 1,787 አሜሪካውያን ታይተው፣ ማኅበራዊ ሚዲያን አብዝተው የሚጠቀሙት የመገለል ስሜታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ጥናቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የጠየቀ በመሆኑ የቱ ከየቱ እንደቀደመ አጥኚዎቹም መናገር አልቻሉም። ሰው ብቻውን ስለሆነ ስልኩን አነሣ ወይስ ስልኩን ስላነሣ ብቻውን ሆነ? የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ይበዛል፤ ሐኪም ቤቱ ግን አላሳመመውም። ሮበርት ክራውት እ.ኤ.አ. በ1998 በፒትስበርግ ከተማ ኢንተርኔት የገባላቸውን ቤተሰቦች አጥንቶ ብቸኝነት እንደጨመረባቸው ጽፎ ብዙ አነጋገረ። በ2002 ግን እነዚያኑ ሰዎች ተከታትሎ ጉዳቱ በአብዛኛው መጥፋቱን ራሱ አሳተመ። በሌላ ወገን የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲዋ ሜሊሳ ሃንት እ.ኤ.አ. በ2018 በ143 ተማሪዎች ላይ ባደረገችው ሙከራ፣ ለሦስት ሳምንት ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን እያንዳንዱን በቀን ለ10 ደቂቃ ብቻ የተጠቀሙት ተማሪዎች ብቸኝነታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ይህኛው ለጸሐፊው ይመሰክራል፤ ልደብቀው አልፈልግም። ይሁንና ተማሪዎቹ ያን ያህል ስልክ ሲቀንሱ በግቢያቸው ውስጥ በአካል የሚያገኙት ጓደኛ ነበራቸው። በ2012 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ የነበረው ልጅ ግን ስልኩን ቢያስቀምጥ የሚጠብቀው የተዘጋ በር ነበር።

አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ በዚያ ክረምት ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ እየደወለች የሒሳብ ጥያቄ ትጠይቀኝ ነበር። መጀመሪያ ጥያቄዎቹ ከባድ ነበሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እየቀለሉ መጡ፤ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የሚሠራውን ትጠይቀኝ ጀመር። አንድ ማታ «መምህር፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ብንሆን ኖሮ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ምን ነበር የምንማረው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የደወለችው ለሒሳቡ እንዳልሆነ የገባኝ። ይህች ልጅ ቴሌግራም ላይ የምትውል ልጅ ነበረች፤ ለክፍሉ በከፈትኩት ቡድን ውስጥ ስሟ ሁልጊዜ ይታየኝ ነበር። ቡድኑ በመጀመሪያው ወር በቀልድና በጥያቄ ሲንጫጫ ከቆየ በኋላ ከሌላ ቦታ የመጣ መልእክት መወርወሪያ ብቻ ሆነ፤ ሁሉም ያያል፣ የሚጽፍ የለም። ፈተናዋ ተራዝሞ የተሰጠው በ2013 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ነው፤ ይህን ያህል ጊዜ ዓመቱ ባላለቀበት ክፍል ውስጥ ተንጠልጥላ ቆየች። የጎደላት አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ነበረች፤ ያቺ ልጅ ወደ ገጠር፣ ወደ ቤተሰቧ ተመልሳ ስልክ አልነበራትም። በዚያን ጊዜ በአገራችን ኢንተርኔት የሚያገኘው ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ብቻ መሆኑን ካሰብን፣ «ወጣቱን ስልክ ለየው» የሚለው አባባል ስልክ ስለሌለው ወጣት ምንም እንደማይነግረን ግልጽ ይሆናል። ያቺ የገጠሯ ልጅ በጸሐፊው ስሌት ከብቸኝነት የዳነች መሆን ነበረባት።

ጎልማሳውን በተመለከተ ጸሐፊው የጻፉት ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ስለሆነ እኔም ብዙ አልልም። ደሴ እየኖሩ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠሩ ጎረቤቶች አሉኝ፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪና በግማሽ ጭነት እንዲሄድ ሲታዘዝ የሐረጎን ዳገት ወርዶ ሥራ መግባትና አምሽቶ መመለስ ምን ያህል እንዳስቸገራቸው፣ ኮምቦልቻ ክፍል ተከራይተው ለሳምንታት ልጆቻቸውን ሳያዩ የቀሩትም እንዳሉ አውቃለሁ። በቦሩ ሜዳ የኮሮና ሕክምና ማእከል ይሠራ የነበረ ነርስ ወዳጄም በተረኝነቱና ከዚያ በኋላ በነበረው የለይቶ ማቆያ ጊዜ የሦስት ዓመት ልጁን ከአጥር ውጭ ቆሞ ነበር የሚያያት። ልጅቱ ወደ እሱ ስትሮጥ ሚስቱ ከኋላ ቀሚሷን ይዛ ታስቀራት ነበር። ሥራ ያለው ሰው ሆዱ አይብሰውም ያለው ማን ነው?

አሁን ከሁሉ በላይ ወዳሳዘነኝ ነጥብ ልምጣ፤ ለአረጋውያን ማኅበራዊ ሚዲያ ወሬና ፍርሃት ብቻ አመጣላቸው ወደሚለው። ወሬ አልመጣም አልልም። በመጋቢት ወር ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ዝንጅብል ኮሮናን ያድናሉ ተብሎ ሰው ገበያ ሲሻማ እኔም አይቻለሁ። ነገር ግን ጸሐፊው ማኅበራዊ ሚዲያ ሲሉ ፌስቡክንና ቲክቶክን ብቻ አስበው መሆን አለበት፤ የወሎ እናቶች የሚያውቁት ግን አይሞን፣ እየተያዩ የሚደዋወሉበትን የስልክ መተግበሪያ፣ ነው። ከዚህ አካባቢ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ዱባይና ወደ ቤይሩት የሄደ ልጅ የሌላት እናት ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ፊት የሚታየውም በአይሞ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለውን ተረት ጸሐፊው ጠቅሰዋል፤ እናት ግን ልጇን ከጎረቤት ጋር አታማርጥም።

ከግቢያችን ጀርባ የሚኖሩ ባላቸው የሞቱባቸው እናት አሉ። አንዲት ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ማንበብ አይችሉም፤ ዘመናዊ ስልክም የላቸውም። የጎረቤት ልጅ፣ ያን ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የነበረ፣ ማታ ማታ ስልኩን ይዞ ይመጣላቸዋል። እሳቸው ለዳታው የ10 ብር ካርድ ይሰጡታል፤ እሱም ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ ባለው የስኳር ቆርቆሮ ላይ አስደግፎ ይደውላል። ልጅቱ አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራለች። እናት ቡናውን ሲቀዱ ለእሷም አንድ ስኒ ሞልተው ከስልኩ ፊት ያኖራሉ፤ «ይኸው ያንቺ፣ ሳይበርድ» ይሏታል። ጥሪው ሲያበቃ ያንን ስኒ ልጁ ይጠጣዋል። አንድ ማታ ለቅሬ ጉዳይ ገብቼ ይህን ሳይ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ገደማም ቆየ። ጊዜው በሊባኖስ ኢኮኖሚው ተንኮታኩቶ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ቤይሩት ባለው ቆንስላ ደጃፍ እየጣሉ የሚሄዱበት፣ ወሬውም እዚህ የተሰማበት ጊዜ ነበር። እኚህ እናት በየቀኑ ወደ ልጁ ቤት እየሄዱ «ኔትወርክ መጣ?» ይሉ ነበር። ሲመለሱ ቡና አያፈሉም። ጎረቤት ይጠራቸዋል፣ ይሄዳሉ፣ ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸው ግን በሩ ላይ ነው። በእነዚያ ሳምንታት የሰፈሩ ወንዶች ልጆች ስልካቸውን ጥለው ኳስ ሲራገጡ፣ ሲሳሳቁ ማየቴን አልክድም፤ ለጥቂቶቹ መቋረጡ እረፍት ሆኖላቸዋል። አንዱ መቋረጥ ለልጆቹ እረፍት፣ ለእናትየው ሰቀቀን ሆነ። የጸሐፊው ክርክር ይህን ሊያስረዳልኝ አይችልም፤ ሁሉንም በሰዓት ብዛት የሚመዝን ነውና። ከስልኩ ማዶ ማን እንዳለ፣ ስልኩም የተካው የትኛውን መገናኘት እንደሆነ ካልተጠየቀ፣ ሰዓቱን መቁጠር የትም አያደርስም። በስልኩ ላይ ሦስት ሰዓት የማያውቁትን ሰው ኑሮ ሲመለከት ያደረ ልጅና ከልጇ ጋር 20 ደቂቃ ያወራች እናት ሁለቱም «ማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚ» ተብለው በአንድ ረድፍ ሊጻፉ አይገባም።

ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ ሐምሌ 28 ቀን የቤይሩት ወደብ ፈነዳ። በዚያው ምሽት ልጅቱ በአይሞ ደወለች። የመስኮቱ መስታወት ረግፎ ወለሉ ላይ ተበትኖ አሳየቻቸው፤ እጇንም፣ ፊቷንም አዟዙራ «ይኸው እማዬ፣ ምንም አልሆንኩም» አለቻቸው። እናት ስልኩን ከቆርቆሮው ላይ አንሥተው በደረታቸው አስጠጉት። ልጅቱ ከዚያ ማዶ ሆና «እማዬ፣ ጨለመብኝ፣ አይታየኝም» ስትል ልጁ ሳቀ፤ እሳቸው አለቀሱ።

የመጨረሻው ነጥብ የመፍትሔ ሐሳቡ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ስልክ አይያዙ ይላሉ ጸሐፊው። የክፍል ውስጥ ስልክ እንዲከለከል እኔም እደግፋለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ሲያይ አድሮ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ የሚያንቀላፋ ተማሪ በየቀኑ አያለሁ። ልጆች ስለሚያዩት ነገር ወላጅ ይጠይቅ፣ ሰዓት ይወሰን ቢሉም እስማማለሁ። ነገር ግን ብቸኝነትን ለማስወገድ ልጁን ከስልኩ መለየት ብቻውን በቂ ነው ማለት፣ በ2012 ዓ.ም. የተዘጋውን በር እንደተዘጋ ትቶ መስኮቱንም መድፈን ነው። እኛ በቅሬያችን በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ትንሽ ነገር አድርገናል። ከአባላት መዝገብ ጎን ሌላ ደብተር ከፈትን፤ ልጁ ውጭ አገር ያለበት፣ ማንበብ የማይችል፣ ከቤት መውጣት ያቃተው ማን እንደሆነ ቤት ለቤት ጠይቀን ጻፍን። ጥያቄያችንም «ብቸኛ ነዎት?» የሚል አልነበረም፤ «ማታ ማታ ማን ይመጣልዎታል?» የሚል ነበር። «ማንም» ላሉት ቤቶች ከሰፈሩ ልጆች መካከል በሳምንት ሁለት ቀን ስልክ ይዞ የሚሄድ ልጅ መደብን። ልጆቹ መጀመሪያ ያጉረመርሙ ነበር፤ በኋላ ግን በተራቸው ሳይሆን በራሳቸው ጊዜ የሚሄዱ በዙ። ከላይ የጠቀስኳት ተማሪዬ ፈተናውን እስክትወስድ ድረስ ሁለት ቤት ይዛ ነበር። ከዚያ በኋላ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አልደወለችልኝም።

ለእነዚያ እናት ይደውልላቸው የነበረው ልጅ በዚያ ክረምት 16 ዓመቱ ነበር። ጸሐፊው ያቀረቡት ክልከላ ያን ጊዜ በሥራ ላይ ውሎ ቢሆን ኖሮ፣ ከሰፈራችን መጀመሪያ የሚነሣው ስልክ ያ በስኳር ቆርቆሮው ላይ የሚደገፈው ስልክ ነው።